ሰው ባንኩን የማይቀይረው ወለዱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ወደየትኛውም ሱቅ ግቡ። ከገንዘብ ተቀባይዋ ጀርባ ታትሞ በፕላስቲክ የተለበጠ የሂሳብ ቁጥር ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ሦስት አራት ባንክ ተደርድሮ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ የሚቀመጠው ግን ብዙውን ጊዜ በ1000 የሚጀምረው ባለ 13 አሃዙ የንግድ ባንክ ቁጥር ነው። ባለሱቁ ያንን ቁጥር ከላይ ያደረገው ወለዱ አማልሎት አይደለም። የገዢው ብር ያለው እዚያ ስለሆነ ነው።

ሰው ትንሽ ወለድ ከሚከፍል፣ ለእያንዳንዷ እንቅስቃሴም ሳንቲም ከሚቆርጥ ባንክ ጋር ለምን ዓመታት ይቆያል ሲባል ቶሎ የሚሰጠው መልስ ስንፍና ወይም አለማወቅ ነው። አልስማማም። አብዛኛው ደንበኛ ሂሳቡን አስልቶታል፤ ስሌቱም ትክክል ነው። የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። ዝቅተኛ ማለት ከዚያ በታች አትክፈሉ ማለት እንጂ ከዚያ በላይ መክፈል ክልክል ነው ማለት አልነበረም። ሆኖም ወለሉ ራሱ ጣሪያ ሆኖ አረፈውና ብዙዎቹ ባንኮች ለተራ ቁጠባ እዚያው 7 ላይ ወይም ከሱ ትንሽ ከፍ ብለው ቀሩ። 50,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ሳትነኩ ብታስቀምጡ 3,500 ብር ይታሰብላችኋል። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የተደነገገው 5 በመቶ ሲነሳለት 3,325 ይቀራል። ማዶ ያለው ባንክ 8 በመቶ ቢሰጥ በተመሳሳይ ስሌት 3,800 ይሆናል። ልዩነቱ በዓመት 475 ብር፤ በወር 40 ብር አይሞላም። ለዚህ ብሎ ግማሽ ቀን ከሥራ ፈቃድ የሚወስድ፣ ወረፋ የሚይዝ፣ አዲሱን የሂሳብ ቁጥር ለሚያውቀው ሰው ሁሉ የሚያዳርስ ካለ እሱ ነው ሂሳብ ያላወቀው።

ግሽበቱ ሲጨመርበት ደግሞ ፉክክሩ ጭራሽ ትርጉም ያጣል። በ2014 ማብቂያ ላይ ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 7 ያገኘውም 8 ያገኘውም ከስሯል። ስለዚህ ትርፍ የሚፈልገው ሰው ብሩን መሬት፣ ወርቅ፣ ዕቃ ወይም ዕቁብ ላይ አዋለው። ባንክ የገንዘብ ማሳደሪያ እንጂ ማርቢያ ሆኖ አልቀረበለትም። ማደሪያ ደግሞ የሚመረጠው በሌላ ነገር ነው፤ ለቤት ቅርብ ነው ወይ፣ በሩ ቶሎ ይከፈታል ወይ በሚል። በሃይማኖት ምክንያት ወለድ የማይቀበለውማ ከመጀመሪያውም በወለድ አያወዳድርም። በ2013 ከወለድ ነፃው ዘምዘም ባንክ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በነባር ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ያስቀምጥ የነበረው ደንበኛ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው።

ወደ ሱቁ እንመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

በአንድ ባንክ ውስጥ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ የተላከ ብር ወዲያው ይገባል። ቁጥሩን እንዳስገባችሁ የተቀባዩ ስም ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ታረጋግጣላችሁ፣ ያልቃል። ወደ ሌላ ባንክ ሲሆን መሃል ላይ ባንኮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች አለ። አብዛኛውን ጊዜ ይሄም በሰከንዶች ያልፋል። ጣጣው ያላለፈበት ቀን ነው፦ ከላኪው ተቀንሷል፣ ለተቀባዩ አልገባም። የላኪው ባንክ “ከእኛ ወጥቷል” ይላል፣ የተቀባዩ ባንክ “እኛ ጋ አልደረሰም” ይላል። ሁለቱ ባንኮች መዝገባቸውን እስኪያስታርቁ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ዕቃው ግን አሁን ባንኮኒው ላይ ነው፣ ገዢውም እንደቆመ ነው።

በዚህ ላይ የስክሪንሾት ማጭበርበር አለ። “ተልኳል” የሚል ምስል በስልክ አቀነባብሮ ማሳየት ቀላል ስለሆነ የነቃ ሻጭ የሚያምነው የገዢውን ስልክ ሳይሆን የራሱን ነው። የባንኩ መልእክት ለራሱ እስኪገባ ይጠብቃል። ካልገባ በኤፍቲ የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር ተቀብሎ ደረሰኙን ከባንኩ ገጽ ላይ ይከፍታል፤ ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ያያል። ይሄ ሁሉ ማጣራት ሁለቱም አንድ ባንክ ሲሆኑ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ባንኩ ሲለያይ ይረዝማል፣ መጨረሻው ብዙ ጊዜ “የንግድ ባንክ የለህም?” ነው። 1 በመቶ ተጨማሪ ወለድ የሚሰጠው ባንክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ግንቦት 2013 የጀመረው ቴሌብር ትንንሹን ክፍያ፣ ታክሲውንና ማኪያቶውን፣ ብዙውን ወሰደ። ቴሌብር ላይ የሚሞላው ብር ግን አሁንም የሚቀዳው ደመወዝ ከገባበት የባንክ ሂሳብ ነው።

ደመወዙ የት እንደሚገባ የሚወስነው ደግሞ ሠራተኛው አይደለም። ሂሳብ ክፍሉ በወሩ መጨረሻ የሚያዘጋጀው አንድ የኤክሴል ፋይል ነው፤ ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ የተጣራ ክፍያ። ሁሉም አንድ ባንክ ከሆኑ አንድ ደብዳቤ ከአንድ ፋይል ጋር ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ለሁሉም ይገባል። አንድ ሰው ለብቻው ሌላ ባንክ ከፈለገ ለእሱ የተለየ ማዘዣ ሊጻፍ ነው፣ ብሩም ከሌሎቹ ዘግይቶ ሊደርሰው ነው። የሂሳብ ክፍል ሰዎች ይህን ልመና እንዴት እንደሚያዩት የሞከረ ያውቀዋል። በደመወዝ ዋስትና የተበደረ ከሆነማ ነገሩ አልቋል። መሥሪያ ቤቱ ዕዳው እስኪያልቅ ደመወዙን ወደ ሌላ ባንክ እንደማያዞር በማኅተም ለባንኩ ጽፏል።

የቤት ወይም የንግድ ብድር ያለበት ሰው መውጫው የባሰ ጠባብ ነው። ካርታው ባንኩ ካዝና ውስጥ ነው፣ መሬት አስተዳደር ፋይል ላይ ደግሞ እግዱ ተመዝግቧል። አዲሱ ባንክ ከእግድ የጸዳ ካርታ ይፈልጋል፤ የድሮው ባንክ ዕዳው ሳይከፈል እግዱን አያነሳም። ቋጠሮው የሚፈታው በደብዳቤ ነው። መጀመሪያ ከድሮው ባንክ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የታሰበ የቀሪ ዕዳ ማረጋገጫ ታወጣላችሁ። አዲሱ ባንክ የራሱን ኢንጂነር ልኮ ቤቱን ያስገምታል፣ ብድሩን ያጸድቃል። ከዚያ ለድሮው ባንክ “እግዱ ሲነሳና ሰነዱ ሲሰጠን ይህን ያህል እንከፍላለን” ብሎ ግዴታ ይገባል። የሚበላሸው ቀኑ ላይ ነው። ግምቱና ማጽደቁ ሲጓተት ማረጋገጫው ላይ የተጻፈው ቀን ያልፋል፣ ወለድ ይጨምራል፣ የተከፈለው ብር ጥቂት ሺህ ይጎድለዋል፣ የድሮው ባንክም ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳ ነፃ የሚል ማረጋገጫ፣ አልሰጥም ይላል። ስለዚህ ማረጋገጫው ላይ የአንድ ቀን ወለድ ስንት እንደሆነ አብሮ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ቀኑ ቢያልፍ ማባዛት ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ ወርዳችሁ ምን ታተርፋላችሁ? ቀሪ ዕዳው 1,500,000 ብር፣ የወለዱ ልዩነት 1.5 በመቶ ነው እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ቁጠባ 22,500 ብር ግድም ነው። ብድሩን ከጊዜው ቀድሞ የመዝጋት ቅጣት፣ የግምት፣ የአዲስ ብድር ማስተናገጃ፣ የእግድ ማስመዝገቢያና የኢንሹራንስ ወጪው ተደምሮ 45,000 ከሆነ ሁለት ዓመት የምትከፍሉት ለዝውውሩ ብቻ ነው። ብድሩ ከአምስት ዓመት በላይ ከቀረው ያዋጣል፤ ሦስት ዓመት ከቀረው እኔ አልነካውም። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ፤ ኋላ ላይ ወደ 18 ከፍ አደረገው። የሚያበድረው ብር በኮታ የሆነበት ባንክ መጀመሪያ የሚያስተናግደው የራሱን ነባር ደንበኛ ነው። ስለዚህ ነጋዴው አንድ ባንክ ውስጥ ለዓመታት ያሽከረከረው ገንዘብ ራሱ ንብረት ነው፤ ሌላ ባንክ ሲሄድ ይዞት አይሄድም።

አስመጪው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ እስኪለቀቅ ድረስ ዶላር በወረፋ ነበር። ያ ሰው ባንኩ ውስጥ ሚሊዮኖች ያስቀመጠው 7 በመቶ ብሎ አይደለም፤ ኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ የሚከፈትለት ቀን ሲመጣ ስሙ እንዲነሳ ነው። አሁን ወረፋው ላልቷል፣ ልማዱ ግን ከሰው ጋር ቀርቷል።

ከብድርና ከዶላር በታች ደግሞ ማንም በቁጥር የማይጽፈው የሰው ትውውቅ አለ። የጨረታ ሳጥን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይዘጋል እንበል። የጨረታ ማስከበሪያው በሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ራሱ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ መሆን አለበት። ባንኩ በ2 ሰዓት ይከፍታል። በመካከሉ ያለው ሁለት ሰዓት ነው፤ ማመልከቻ መሙላት፣ ከሂሳብ መቀነስ፣ ማተም፣ የሁለት ኃላፊዎች ፊርማ፣ ከዚያ የከተማው መንገድ። “ሲስተም የለም” የተባለ ዕለት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ደውላ የምታስጨርስለት ሰው በባንኩ ዋጋ አይከራከርም። አንድ ጨረታ ያመለጠው ተቋራጭ የሚያጣውን የሲፒኦ ማሠሪያ ክፍያ አሥር ዓመት ቢደመር አይተካውም።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። ደርግ ባንኮቹን በታኅሣሥ 1967 ከወረሰ ጀምሮ በ1986 አዋጅ ቁጥር 84 ለግል ባለሀብት እስኪከፈትና በ1987 አዋሽ እስኪመጣ ድረስ አንድ ትውልድ ሙሉ ባንክ ብሎ የሚያውቀው የመንግሥትን ብቻ ነበር። “የመንግሥት ነው፣ የትም አይሄድም” የሚለው ቃል ከወላጅ ወደ ልጅ ከደብተሩ ጋር ተላልፏል። ዛሬ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ፤ ሽፋኑ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሰው ብሩን ለሁለት ባንክ ቢያከፋፍል ሽፋኑ ይሰፋለታል፤ ቅርንጫፍ ላይ ይህን ነግሮ ደንበኛውን የሚሸኝ ባለሙያ ግን አትጠብቁ።

ውጭ አገር ያሉት ደግሞ በውክልና ታስረዋል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው እናቱ ሂሳቡን እንዲያንቀሳቅሱ ውክልና ሲሰጥ፣ ሰነዱ በኤምባሲው ወይም በቆንስላው አልፎ አገር ቤት ይረጋገጣል። ውክልናው የአንድ ባንክ ስምና የሂሳብ ቁጥር ጠቅሶ ከተጻፈ ባንክ መቀየር ማለት ይህን መንገድ እንደገና መጓዝ ነው። አዲስ የሚያጽፍ ሰው “በማንኛውም ባንክ” የሚለውን ሐረግ፣ መክፈት፣ ማንቀሳቀስና መዝጋት የሚሉትንም ሦስት ቃላት አንድ በአንድ ያስገባ። መዝጋት ካልተጻፈ ባንኩ አይዘጋም።

ይሄ የእኛ አገር ብቻ በሽታ ነው ብሎ ለሚያስብ፦ በብሪታንያ ከመስከረም 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባንክ መቀየር በ7 የሥራ ቀን የሚያልቅ፣ ቋሚ ክፍያዎቹን አዲሱ ባንክ ራሱ የሚያዛውርበት አገልግሎት አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ የገበያ ውድድር ተቆጣጣሪው ሲያጣራ በዓመት ባንኩን የሚቀይረው የግል ደንበኛ 3 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኘው። በሩ በሰፊው ሲከፈት እንኳ የወጣው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ስህተቱ። ሰው ትክክል የሆነው ለሚያንቀሳቅሰው ብር ነው። ስህተቱ የማያንቀሳቅሰውንም እዚያው መተዉ ነው። የሱቁ ግድግዳ፣ ደመወዙ፣ ውክልናው፣ ሲፒኦው ሁሉ የሚመለከቱት የወር ወጪን እንጂ ለመኪና ወይም ለቤት ተብሎ የተቀመጠውን 600,000 ብር አይደለም። ይህ ብር በተራ ቁጠባ 7 በመቶ ከግብር በፊት 42,000 ያመጣል። በጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ ማለትም እስከ ተስማማችሁበት ቀን ድረስ በማይነካ ብር፣ ተደራድራችሁ 12 ብታገኙ 72,000 ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ 475 አይደለም፣ 30,000 ነው። የትኛውም ሻጭ የዚያን ሂሳብ ቁጥር አይጠይቃችሁም።

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ዋጋ አይደለም፤ ይደራደሩበታል። የባንኮች የበጀት ዓመት ሰኔ 23 ይዘጋል፣ ቅርንጫፎችም የተቀማጭ ዕቅድ አለባቸው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሥራ አስኪያጆቹ ራሳቸው እየደወሉ ብር ይለምናሉ። በዚያ ወቅት በአንድ ቀን ሦስት ባንክ ግቡ፣ ያንኑ መጠንና ያንኑ ጊዜ ጥቀሱ፣ የአንዱን ዋጋ ለሌላው ንገሩ። መስኮት ላይ ካለችው ልጅ ጋር አትከራከሩ፤ ሥልጣኑ የላትም፣ ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ።

ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር ሰርተፍኬቱ ላይ ወይም ውሉ ላይ ተጽፎ እዩ። ወለዱ በየወሩ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ ነው የሚከፈለው? ጊዜው ሳይደርስ ብታወጡት ያለፈው ወለድ በተራ ቁጠባ ተመን ይታሰባል ወይስ ጭራሽ ይቀራል? ጊዜው ሲያልቅ ካልመጣችሁ ብሩ ምን ይሆናል? ይቺኛዋ ናት ብዙ ሰው የምታስበላው፤ ዓመቱ ያልቃል፣ ብሩ ራሱን ወደ ተራ ቁጠባ ያወርዳል፣ ባለቤቱ 12 በመቶ እያሰበ በ7 ስድስት ወር ይቀመጣል። ማብቂያውን ቀን ስልካችሁ ላይ ከአንድ ሳምንት በፊት እንዲጮህ አድርጉ። አራተኛው፣ ከብሩ ላይ በከፊል ማውጣት ይቻላል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ 600,000ውን በአንድ ሰርተፍኬት ከማሰር ሦስት ባለ 200,000 ማድረግ ይሻላል፤ ችግር ቢመጣ የሚሰበረው አንዱ ብቻ ነው።

ክፍያዎቹን በተመለከተ ባጭሩ፦ ሂሳባችሁን የሚበላው አንድ ትልቅ ቅጣት ሳይሆን ትንንሾቹ ድግግሞሽ ናቸው። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ከወጣ ወዲህ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ላይም 15 በመቶ ቫት ይታሰባል። 50 ሳንቲም የአገልግሎት ክፍያ ላይ 8 ሳንቲም ተጨምሮ መልእክቱ ላይ የምታዩት ለዚህ ነው። አንድ ዝውውር ከነቫቱ 5 ብር ቢያስከፍላችሁና በወር 30 ጊዜ ብትልኩ በዓመት 1,800 ብር ነው፤ ከላይ ካየነው የ50,000 ብር ወለድ ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። ለአንድ ሰው በሳምንት አራት ጊዜ ከመላክ አንዴ መላክ፣ ከሌላ ባንክ ኤቲኤም አምስት ጊዜ 1,000 ከማውጣት ከራስ ባንክ አንዴ 5,000 ማውጣት ባንክ ከመቀየር የበለጠ ያተርፋል።

ይህን ሁሉ አይታችሁም ጨርሳችሁ ልትወጡ ከወሰናችሁ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። አዲሱን ሂሳብ በፋይዳ ስትከፍቱ ስማችሁ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ከፋይዳውና ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩ። ፀጋዬ አንዱ ጋ በቲ ብቻ፣ ሌላው ጋ በቲኤስ ከተጀመረ ከውጭ የተላከ ብር ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ቁጥሩን ለደመወዝ ከፋዩ ስጡ፣ አንድ ደመወዝ በትክክል ሲገባ እዩ። የድሮውን ሂሳብ ለሦስት ወር ክፍት ተዉት፤ ማን አሁንም በዚያ እየላከላችሁ እንደሆነ የምታውቁት በዚህ ጊዜ ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት የሁለት ዓመት ስቴትመንት በማኅተም አውጡ፤ ቪዛ ወይም ግብር ሲጠየቅ ከተዘጋ ሂሳብ ላይ ማስወጣት ራሱን የቻለ ምልልስ ነው። ቼክ ካላችሁ ያልተጻፈባቸውን ቅጠሎች ቆጥራችሁ መልሱ፣ ኤቲኤም ካርዱን ፊት ለፊታችሁ ይቁረጡት፣ የመዝጊያ ደብዳቤውንም ተቀበሉ። ትንሽ ብር ትቶ ዝም ብሎ መሄድ መዝጋት አይደለም። ሂሳቡ ለወራት ካልተንቀሳቀሰ ይታገዳል፣ ያኔ ለማስከፈት በአካል ቀርባችሁ ማመልከቻ ልትጽፉ ነው፤ ምናልባትም ለ37 ብር።